እትዬ እንከንና ቀይ ጠመኔዋ

ቀድሞ የሚመጣው የስታርች ሽታ ነበር። እናትየዋ ከፋብሪካ ስትመለስ ገና ደጃፉን ሳትረግጥ፣ ክር ለማጠንከር የሚቀባው ያ ሞቅ፣ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ከቀሚሷ ተነሥቶ በበሩ ስንጥቅ ይገባና ሁለቱን እህትማማቾች ካሉበት ያስነሣቸው ነበር። ታናሺቱ ሮጣ በቀሚሱ እጥፋት ውስጥ ትሸጎጥና ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃት የሚያውቅ አልነበረም። እናትየዋም «ይህችኛዋ ሳቋን ከሆዴ ይዛው ነው የወጣች» እያለች ጸጉሯን ትደባብሳት ነበር። ታላቂቱ ደግሞ የውሃ ኩባያ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። ማንም ሳያዛት የኩባያውን ጠርዝ አገላብጣ ታያለች፤ እድፍ ካገኘችበትም እናቷ በጥም እየተቃጠለች እሷ ተመልሳ ታጥበዋለች።

እናትየዋ ደረቷን ታማ ዓይኗን በከደነች ጊዜ ታላቂቱ ገና ለጋ ልጃገረድ ነበረች። እንባዋን በቅጡ ሳትጨርስ ሄዳ የእናቷን ቦታ በፋብሪካው ጠየቀች፤ ተሰጣትም። ከዚያ ወዲያ ታናሿን አጠበች፣ አበጠረች፣ ትምህርት ቤት ሰደደች፣ ቀጣች፣ ለሰው አበቃች። እሷ ግን ባል ሳታገባ ቀረች። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። አንዱ የኮቱን ቁልፍ አጉድሎ መጣ፤ ሌላው ወሬ ሲያወራ ይጨምራል፤ ሌላው ደግሞ በጸሎት መካከል ያዛጋል። ሁሉንም ከደጅ መለሰቻቸው። ጎረቤቶቿ «እሷ የምታገባው መልአክ ነው፤ እሱንም ክንፉን ገልብጣ አይታ ነው» ይሉ ነበር።

በፋብሪካው ዓመታት ሲከማቹ ከሸማኔነት ወደ ጨርቅ መርማሪነት ከፍ አለች። የመርማሪ ሥራ እንዲህ ነው። ከሽመና መኪናው የወረደው ጥቅል ጨርቅ፣ ከሥሩ መብራት በተገጠመለት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያለ ያልፋል። መርማሪዋ ከፊቱ ቆማ በዓይኗ ታየዋለች፣ በእጇም ትዳብሰዋለች። የተበጠሰ ድር፣ የዘለለ ማግ፣ የዘይት ጠብታ ያገኘች እንደሆነ በቀይ ጠመኔ ታከብበታለች። እያንዳንዱ ሸማኔ በጥቅሉ ጫፍ የራሱን መለያ ቀለም ክር ስለሚያስር፣ ቀዩ ክብ የማን ጥፋት እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያሻም። ከእሷ ጠመኔ ያመለጠ የለም። ሸማኔዎቹ ከፊቷ «እትዬ» ይሏታል፤ ጀርባዋን ስትሰጥ ግን «እትዬ እንከን»። ስሙ ከጆሮዋ በደረሰ ጊዜ ይከፋታል ብለው ፈርተው ነበር። አልከፋትም፤ እንዲያውም እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

ክፉው ነገር፣ ጠመኔው ፋብሪካው በር ላይ አልቀረም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋለኛው አግዳሚ ትቀመጥና ምእመኑን እንደ ጥቅል በፊቷ ታሳልፈው ነበር። የእገሊት እንባ ላይ ላዩን ነው። እገሌ ሲሰግድ ጉልበቱ መሬት አይነካም። ያቺ ደግሞ ወደ መቅደሱ ሳይሆን ወደ በሩ ነው የምታየው። «አምላኬ፣ ለእነዚህ ሰዎች ልብ ስጣቸው» ብላ ከልቧ ትጸልያለች። ለራሷ የምትለምነው ትዕግሥት ብቻ ነበር፤ እሱንም እነሱን የምትችልበት።

ታናሿ አድጋ እዚያው ፋብሪካ ሸማኔ ሆነች። አዳራሹ ሁሉ «ሳቂታ» ይላታል። ሳቋ በሺህ መወርወሪያ ጩኸት ውስጥ እንኳ ይታያል፤ አይሰማም እንጂ ይታያል። እትዬ እንከን በዚህ ሳቅ ስትበግን ኖራለች። «ጥርስ ለማላመጫ ነው የተሰጠን» ትላታለች። ሳቂታም «እኔ እያላመጥኩ መሳቅ እችላለሁ፣ እትዬ» ትላታለች።

አንድ ዓመት ፋብሪካው አዲስ ጨርቅ መሥራት ጀመረ። እንደ ሐር ከእጅ የሚንሸራተት፣ ትንፋሽ የሚያወዛውዘው ስስ ጨርቅ ነው። አለቃው ያን ቀጭን ክር ሳይበጥስ የሚያሠራ እጅ ሲፈልግ፣ ከአዳራሹ ሁሉ መርጦ ለሳቂታ ሰጣት። ያንን የሚሠራው የእሷ መኪና ብቻ ሆነ። ከመጀመሪያው ጥቅል ጫፍ ተቆርጦ ቁራጭ ሰጧት፤ እሷም ጠርዙን ሰፍታ ሻሽ አደረገችውና ለእህቷ አመጣችላት።

«እትዬ፣ እስቲ እሱን እሰሪው፤ ፊትሽ ይፈታል።»

እትዬ እንከን ሻሹን ገልብጣ ጠርዙን አየች። «ስፌቱ ጠማማ ነው» አለችና ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ብዙም ሳይቆይ በዚያ ስስ ጨርቅ ላይ እንከን መታየት ጀመረ። ክሩ አልተበጠሰም፣ አልዘለለም፤ ነገር ግን እዚህም እዚያም ወደ ላይ ተስቦ፣ እንደ ወደቀ የዓይን ሽፋሽፍት ጎብጦ ይታያል። እትዬ እንከን መጀመሪያ ዓይኗን ተጠራጠረች። ዓይኗ እንደ ድሮው ስላልሆነ አሁን አሁን በእጇ ማየት አብዝታ ነበር። በእጇ ደባበሰችው፤ አለ። ከበበችበት። ቀጣዩ ጥቅል ላይም አለ። ከዚያ የሚቀጥለው ላይ ባሰበት። የሌሎቹ ሸማኔዎች ወፍራም ጨርቅ ግን ንጹሕ ነው። ደሟ ፈላ። እንግዳ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልፈላ። የገዛ እህቷ፣ አጥባ ያሳደገቻት ልጅ፣ በገዛ ጠረጴዛዋ ላይ ታዋርዳት!

በፈረቃ መለወጫ ሰዓት፣ መኪናዎቹ ጸጥ ሲሉ፣ ጥቅሉን ዘርግታ አለቃውን አስጠራች። ሳቂታ መጣች፤ ወጪው ገቢውም ከበበ። ስሱ ጨርቅ በቀይ ክብ ተዥጎርጉሮ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን መስሏል።

«እትዬ፣ እኔ እያንዳንዱን ክንድ አይቼ ነው ያወረድኩት። ከእኔ ሲወጣ ንጹሕ ነበር» አለች ሳቂታ።

«ታዲያ ማን ሳበው? ድመት?»

ሰዉ ሳቀ። ሳቂታም እንደ ልማዷ አብራ ልትስቅ ከንፈሯ ተላቀቀና መልሳ ገጠመችው።

አለቃው በዕድሜ ከእትዬ እንከን ያንሳል፤ ጠበኛ ሰውም አይደለም። «እትዬ፣ ሌላ ምክንያት ሊኖር አይችልም? ከመኪናው፣ ከማጓጓዣው... ትንሽ ያስቡበት። እህትዎ ናት።»

«እህቴ ስለሆነች ነው የምናገረው!» እትዬ እንከን ቱግ አለች። «አንተ የምታውቃት ከትናንት ወዲህ ነው። እኔ ከጡት ጀምሮ አውቃታለሁ። የጀመረችውን አትጨርስም። ልብስ ስታጥብ አንገትጌውን ትረሳለች። ለጸሎት ስትንበረከክ አሜን ሳይባል ትነሣለች። የተዝረከረከው እጇ አይደለም፣ ልቧ ነው። ልብ የሌለው ሰው እጅ ምን ይሠራል?»

ስለ ክሩ ቢሆን ኖሮ ሸማኔዎቹ ይከራከሩ ነበር፤ ስለ ሰው ልብ ግን ማን ይከራከራል? ሳቂታ እህቷን ትኩር ብላ አየቻት። ያን ቀን ጥርሷ አልታየም።

አለቃው እየከበደው ወሰነ። ሳቂታ ከመኪናዋ ተነሥታ ጥራጊ ክፍል ገባች። ጥራጊ ክፍል ከወለሉ የተጠረገው የጥጥ ብናኝና ብጥስጣሽ ክር የሚለቀምበት፣ መስኮቱ ከጣራው ሥር የተሸጎጠ ክፍል ነው። እዚያ የሚውል ሰው በአፉ ላይ መሐረብ አስሮም ያስላል። እትዬ እንከን ይህን ስትሰማ የእናቷ ደረት ትዝ ብሏት ላፍታ ደንገጥ አለች። ወዲያው ግን «ትማርበታለች» አለች። ይህን ስትል ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ሳቂታ ከዚያ ዕለት ጀምሮ እህቷ ቤት ዝር አላለችም።

በመኪናዋ ላይ «ረጅሙ» የሚሉት ሸማኔ ተተካ። ቁመቱ በበሩ መቃን ሥር ጎንበስ ብሎ የሚያሳልፈው፣ ሥራው ግን ቀጥ ያለ ሰው ነው። የእሱ የመጀመሪያ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ወጣ። እትዬ እንከን ደባበሰችው። ያው ሽፋሽፍት! እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ።

«አንተም?» ብላ ወደ አዳራሹ ገሠገሠች። «የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ዓይኑን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው?»

መኪናው ስለሚጮህ ረጅሙ አልሰማትም፤ ከጣቷ ግን ነገሩ ገባው። በሽመና አዳራሽ ሰው የሚነጋገረው በከንፈር ነው፤ ድምፅ የሚደርስበት ቦታ አይደለምና። ረጅሙ ወደ ጎረቤቱ ዞር አለና ከንፈሩን በደንብ እያንቀሳቀሰ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለው። ለቀልድ ያለው ነው፤ ምንም አውቆ አይደለም። እትዬ እንከን ግን ሸማኔ ሆና ያደገች ናት፤ ከንፈር ማንበብ ከፊደል በፊት ነው የተማረችው። እንደ አራስ ነብር ተቆጣች። ያን ዕለት ጠመኔዋ ጨርቁን የሚበሳ እስኪመስል ድረስ ስታከብ ዋለች።

በሚቀጥለው እሑድ የዘወትር ሻሿ ታጥቦ አልደረቀላትም ነበር። ሣጥኑን ከፍታ ያንን ስስ ሻሽ፣ ስፌቱ ጠማማ ያለችውን፣ እየተነጫነጨች አሰረችው። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ከአግዳሚዋ ተቀመጠች። ሳቂታ የለችም። ይህንንም በልቧ ጠመኔ ከበበችበት። ዝማሬው ተጀመረ። ሻሹ ሙልጭልጭ ነውና ወደ ኋላ ሸሸባት። ልታስተካክለው እጇን ሰደደች፤ አውራ ጣቷ አንድ ነገር ያዘባት።

ሳበችው። አልለቅ አላት። እንደገና ሳበችው፤ ለቀቀ።

በዚያች ቅጽበት እጇ ከአእምሮዋ ቀድሞ አወቀ። ሻሹን ከራሷ ላይ አወለቀችው። ከጎኗ የነበሩት ሴቶች «ምን ነካት?» ብለው ተያዩ። እሷ ግን ጨርቁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። ሽፋሽፍቱ አለ። ጎበጥ ያለ፣ ጅራቱ ወደ ቀኝ የሆነ። አውራ ጣቷን አየች። ከጠመኔ ብናኝና ከቀዝቃዛ ውሃ የተነሣ ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የስንጥቁም ጠርዝ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሥቷል። ወፍራም ጨርቅ ይህን አይሰማውም። ስስ ጨርቅ ግን...

ጣቷን በሻሹ ላይ አሳለፈችው። ሁለተኛ ሽፋሽፍት ወጣ። አልበቃትም። ደግማ አሳለፈችው፣ ደጋግማ፤ ሕዝቡ እየዘመረ እሷ የእህቷን ሻሽ ስትቦጫጭር ቆየች። ጥንት ሥራውን ያስተማረቻት አሮጊት መርማሪ የመጀመሪያ ቀን የነገረቻት ትእዛዝ እንደ ጥፊ መጣባት። «ስስ ጨርቅ ከመንካትሽ በፊት እጅሽን በሐር ቁራጭ ፈትሺ። ጨርቁ የሚፈተሸው ከእጅሽ በኋላ ነው።» እሷ ራሷ ይህን ለጀማሪ መርማሪዎች ሁሉ እየገሠጸች አስተምራለች። የራሷን እጅ የፈተሸችበትን ቀን ግን ልታስታውስ አልቻለችም።

ያዘነች እንዳይመስላችሁ። ተቆጣች። በሻሹ ተቆጣች፤ በክሩ ተቆጣች፤ «አንቺስ ብትሆኚ እጅሽን አሳዪኝ አትዪኝም ነበር?» ብላ በሌለችው እህቷ ተቆጣች። ከዚያም ፊቷን ወደ መቅደሱ አዙራ፣ «ይህን ለማሳየት የግድ እዚህ፣ በሰው ፊት መሆን ነበረበት?» አለች። ራሷን ሳትሸፍን ወጥታ ሄደች። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ዓመት ሙሉ ታወራው ነበር።

ቤቷ ገብታ አውራ ጣቷን በእግር መፋቂያ ድንጋይ ፈገፈገችው፤ ቫዝሊን ቀባችው፤ በጨርቅ ጠቅልላ አሳደረችው። በማግሥቱ እንዲሁ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። ጣቷ ለሰለሰ። ጨርቁም ጠራ። የረጅሙ ጥቅል ያለ አንድ ቀይ ክብ ማለፍ ጀመረ።

አለቃው ደስ ብሎት ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። «እትዬ፣ ቁጣዎ ሠራ! ያቺን ልጅ ማንሣታችን ልክ ነበር። እርስዎ ባይኖሩ ይህ ጨርቅ ገደል ገብቶ ነበር።»

ምስጋናው ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረ፤ አልዋጠችውም፣ አልተፋችውም። «ይመስገነው» ብቻ አለች።

ቀናት አለፉ፤ ሳምንትም ሳምንትን ተከተለ። ጠዋት ጠዋት ተንበርክካ «ይቅር በለኝ» ትላለች። ትነሣለች፤ ፋብሪካ ትሄዳለች፤ በጥራጊ ክፍል አጠገብ ስታልፍ ሳል ትሰማለች። የማን ሳል እንደሆነ ታውቃለች። እርምጃዋን ታፈጥናለች። «ይቅር ብሎኛል፣ ታዲያ ለምን አያሳርፈኝም?» እያለች ትብሰለሰላለች። በየምክንያቱ መቆጣት ያዘች፤ በበር ማንጠልጠያው፣ በሚያፈስ ቧንቧ፣ ሰላም በሚላት ሰው ሁሉ።

በመጨረሻ ወደ ቄሱ ሄደች። ቄሱ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የተነቀነቀ አግዳሚ ገልብጠው እግሩን በሚስማር ይመቱ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው። አልቅሳ ሳይሆን እንደ ከሳሽ ቆማ ነገረቻቸው። ቄሱ መዶሻውን አላስቀመጡም።

«ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ? ጥራጊ ክፍል የምውለው እኔ ነኝ?»

«አባ! ንስሐ ልገባ ነው እኮ የመጣሁ።»

«ለእግዚአብሔር ነግረሽዋል?»

«በየቀኑ።»

«ሰምቶሻል። እሱ ጆሮው አይደነቁርም። አሁን ቀጥሎ የምትነግሪው ለማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው እኔ ጋ የመጣሽው?»

«ሰው ምን ይለኛል፣ አባ? ሃያ ዓመት በዚያ ጠረጴዛ...»

«ሰው!» ቄሱ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ቀልቷል። «ከዚህ ቤት ስንቱን ሰው በዓይንሽ እያገላበጥሽ አባረርሽብኝ? ያቺ ለቅሶዋ ላይ ላዩን ነው ያልሻት ሴት ሁለተኛ አልተመለሰችም። የጉድፉንና የምሰሶውን ነገር ባስተማርኩ ቁጥር፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ለጎረቤትሽ አንገትሽን ትነቀንቂላታለሽ፤ "ስሚ፣ ላንቺ ነው" እንደማለት!»

«እርስዎም ይፈርዱብኛል?»

«እፈርድብሻለሁ እንጂ! ተናድጄብሻለሁ። ለዚህኛው ኋላ እኔ ራሴ ንስሐ እገባለሁ። አንቺ ግን ሂጂ። ስሟን ያጠፋሽው በሰው ፊት ነው፤ በጓሮ በር አይመለስም።» ወደ ሚስማራቸው ተመለሱ።

እሳት ጎርሳ ወጣች። በቄሱ ላይ ተናዳለች፤ የበለጠ ያናደዳት ግን እውነታቸውን መሆኑ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እሷንም ወደ ፋብሪካው የነዳት ትሕትና አልነበረም፣ እልህ ነው። ምናልባት እግዚአብሔር በሌላ መንገድ ባይሆንለት በዚያው በእልኋ ነድቷት ይሆናል።

በፈረቃ መለወጫ ሰዓት፣ በዚያው ጠረጴዛ ፊት ቆማ አለቃውን አስጠራች። ሰዉም ተሰበሰበ። «ዛሬ ደግሞ የማን ተራ ነው?» ሲል አንዱ ተሰማ። የተቦጫጨረውን ሻሽ በበራው መስታወት ላይ ዘረጋችው።

«ይህን እዩ። ያው ሽፋሽፍት ነው። መኪና አልነካውም፣ ሸማኔ አልነካውም። የሳበው ይህ ነው።» አውራ ጣቷን ከፍ አደረገች። «እህቴ ንጹሕ ነበረች። ረጅሙም ንጹሕ ነበር።»

አለቃው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ ይተዉት ይህን፤ ጨርቁ እኮ ተስተካክሏል» አላት።

«የተስተካከለው ጨርቁ አይደለም፣ አውራ ጣቴ ነው!» ብላ ጮኸች። «አንተም ልጅቷን ያነሣሃት በእኔ ቃል ነው። መልሳት!»

ማንም አልሳቀም። ረጅሙ ብቻ ከበላይ ሆኖ፣ «እትዬ፣ እኔን ዓይንህን ቤትህ ትተህ ነው የምትመጣው ያሉኝስ?» አላት።

«እሱም የእኔ ነው።»

«እንግዲያው እኔም በከንፈሬ ያልኩት አለ።»

«አንብቤዋለሁ።»

ረጅሙ አንገቱን ደፋ። አለቃው ወዲያ ወዲህ አለና፣ ምርጫ ሲያጣ፣ ሳቂታ ከሰኞ ጀምሮ ወደ መኪናዋ እንድትመለስ ተናገረ።

እትዬ እንከን ወደ ጥራጊ ክፍል ስትሄድ እግሯ ቀለላት። ከባዱ ነገር አለፈ፤ ሰው ፊት ቆማ ተናግራለች። እህቷ ስትሰማ ምን እንደምትሆን በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ ታለቅሳለች፣ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች። «ተይ፣ አታልቅሺ፤ እኔም ሰው ነኝ» የሚለውን ቃል አዘጋጅታ በሩን ገፋች።

ክፍሉ ውስጥ ብናኙ በመስኮቷ ብርሃን ላይ ይንሳፈፋል። ሳቂታ በጥጥ ክምር መካከል፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። መሐረቡ አፏንና አፍንጫዋን ሸፍኖታል፤ ሽፋሽፍቷና ቅንድቧ በብናኙ ነጭተው ያለ ዕድሜዋ አስረጅተዋታል። እህቷን አየች፤ እጇ ግን ክር መልቀሙን አላቋረጠም።

«ሳቂታ... እህቴ። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ጣቴ ነው። አውራ ጣቴ ተሰነጣጥቆ እሱ ነው ሲስበው የኖረ። ለአለቃው ነገርኩት፤ በሁሉ ፊት ነገርኩት። ሰኞ ወደ መኪናሽ ትመለሻለሽ።»

የሳቂታ እጅ ቆመ። መሐረቡን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገችው። ሳል ያዛትና ጎንበስ ብላ ሳለች። እትዬ እንከን ልትደግፋት ብትጠጋ በክንዷ ገፋቻት።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«አሳዪኝ፣ እትዬ። አንቺ የእኔን ሁሉ ዐይተሽ የለ?»

እትዬ እንከን እጇን ዘረጋች። ሳቂታ አውራ ጣቷን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። በራሷ ጣት ዳበሰችው። አንድ ጊዜ፤ ደግማም ወደ ኋላ።

«ለስልሷል።»

«አዎ፣ አሁንማ...»

«መቼ?»

እትዬ እንከን ለአለቃው ነግራዋለች፣ ለሰዉ ነግራለች፤ ይህን ግን የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም አላነሣችውም።

«መቼ ነው ያለሰለስሽው? ሽማግሌ ቆዳ በአንድ ቀን አይለሰልስም። የአንቺን እጅ እኔ አላውቀውም? በዚህ እጅ አይደል የታጠብኩት?»

«ሰነበተ።»

«ሰነበተ!» ሳቂታ ጣቱን እንደ ትኩስ ፍም ለቀቀችው። «አውቀሽ! አውቀሽ በዚህ በር በየቀኑ አለፍሽ! ኮቴሽን አልሰማ መሰለሽ? እኔ ሞኟ፣ "እትዬ እዚህ ስትደርስ የምትሮጠው ሳሌን መስማት አስጨንቋት ነው፤ አንጀቷ አልችል ብሎ ነው" ስል ነበር። ላንቺ ምክንያት እፈልግልሽ ነበር! ስትፈርጂብኝ እንኳ ተሳስታ ነው እንጂ ክፋት የላትም እያልኩ!»

«ፈራሁ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ...»

«እኔንስ ሰው ምን አለኝ? ልብ የላትም አልሽኝ፣ እትዬ። ክሩን ተይው። ክር ይሳባል፤ ጣት ይሰነጠቃል፤ ሰው ይሳሳታል። ከነጥፋትሽ እሽ ባልኩ። ግን ካወቅሽ በኋላ የእናቴን ሳል በእኔ ደረት ውስጥ እየሰማሽ ጣትሽን ስታለሰልሺ ቆየሽ!» ድምጿ ተሰበረ፤ እንባ ግን አልወጣትም።

እትዬ እንከን ከብዙ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ቆማ የምታርመው ነገር አጣች። «ቅጪኝ» አለች በመጨረሻ። «ያልሽኝን እሆናለሁ።»

«እኔ ቀጪ አይደለሁም። እሱን ሥራ አንቺ ይዘሽዋል።» ሳቂታ ተነሣች። ከቀሚሷ ላይ ብናኙን አራገፈች። «ሰኞ መኪናዬ ላይ እሆናለሁ። ይገባኛልና ነው፤ ስለ ሰጠሽኝ አይደለም። የእኔን ጨርቅ ግን ሌላ ሰው ይመርምረው። አንቺ እንዳትነኪው።»

«እቤትስ? እቤት አትመጪም?»

ሳቂታ ከሚስማሩ ላይ ሹራቧን አውርዳ ለበሰች፤ አንዱን እጅጌ ስታጣው እንኳ ወደ እህቷ አላየችም። በጥጥ ክምሩ መካከል አልፋ፣ በእትዬ እንከን ትከሻ አጠገብ ሳትነካት አለፈችና፣ ደህና ዋይ ሳትላት፣ በሩን ክፍቱን ትታ ወጣች።